ሀዋሳ በሳይክል ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ተከናንባ ታረፍዳለች፤ የጦሳን ተራራ በወጉ ካየነው ሰነበትን።

ለኩላሊት እጥበት እርዳታ ልታሰባስቡ፣ ከነጓደኞችሽ ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በሳይክል ልትሄጂ መሆኑን የነገርሽን ቀን አባትሽ «መኪና ጠፍቶ ነው?» ብሎ ስቆ ነበር። አሁን አላፊ አግዳሚውን እያስቆመ የሚያወራው እሱ ነው። እኔ ዝም ያልኩት በስልክ የተነገረ ምክር ስለማይያዝ ነው። ይኸው ጻፍኩልሽ።

«አንቺ ስለ ሳይክል ምን ታውቂያለሽ?» እንዳትዪኝ። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ያኔ ደሴ ላይ ሳይክል ይገፋ ነበር እንጂ አይነዳም፤ ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አዲስ ሳለ አጎትሽ እዚያ ይሠራ ነበር። የሚመላለሰው በጥቁር ፎኒክስ ሳይክል ነው። ከባድ፣ መሀሉ ላይ አግዳሚ ብረት ያለው። የሌሊት ፈረቃ አድሮ ሲተኛ ቀስ ብዬ አወጣዋለሁ። ወንበሩ ላይ ብወጣ እግሬ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ቀኝ እግሬን ከአግዳሚው ሥር አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ፣ በአንድ ጎን ተንጠልጥዬ እነዳዋለሁ። ፔዳሉን ሙሉ ዙር ማዞር ስለማልችል ግማሽ ረግጬ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። የቀሚሴ ጫፍ ሁልጊዜ ግራሶ ነው፤ እናቴ የምታውቅብኝም በሱ ነበር። አንዷ ጎረቤታችን «ሴት ልጅ ሳይክል ላይ!» ብላ ለአጎትሽ ነገረችው። እሱ እቴ! መፍቻ አምጥቶ ወንበሩን ዝቅ አደረገልኝ።

አጎትሽ በእረፍት ቀኑ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ይወጣ ነበር። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከ1,850 ሜትር ተነስተሽ 2,500 ሜትር አካባቢ ትደርሻለሽ። ሲወጣ ራሱን ገረመው ደንቦባ ነው የሚለው። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ ሜልቦርን ላይ በብስክሌት የተወዳደረው ገረመው። ጓደኞቹ ተሳቢ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ሲወጡ አጎትሽ እምቢ ይል ነበር። «የነሱ ሳንባ የመኪና ጭስ ነው የሚጠጣው» ይላል። ከታች ተጣድፎ የጀመረ ሁሉ መሀል ላይ ወርዶ ሲገፋ፣ እሱ በዝግታ እያዞረ፣ ጉራውን እየነዛ ያልፋቸዋል።

ቁልቁለቱ ነው የሚያስፈራኝ። ሐረጎ ላይ መኪናዎቹ ሲወርዱ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ አፍንጫሽን ይሰነፍጠዋል። ሳይክልም ያው ነው። ፍሬኑን ጨብጠሽ ከያዝሽው ቸርኬው ይግላል፤ ካላማዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ አድርጊ፤ ከመታጠፊያው በፊት እንጂ እየታጠፍሽ አትያዢ። የፊቱን ብቻ አንቀሽ ከያዝሽ በመሪው ላይ ተገልብጠሽ ትሄጃለሽ። ለዒድ ስትመጪ ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ ጭነሽ አምጪውና ሐረጎን ከአጎትሽ ጋር ሞክሪው። ሽምግልናው እንዳይሸውድሽ።

አሁን ወደ ጉዟችሁ። 275 ኪሎ ሜትር በ3 ቀን ክፉ አይደለም። ግን የመጀመሪያውን ቀን ሞጆ፣ ሁለተኛውን ባቱ ካደራችሁ ለመጨረሻው ቀን ከ110 በላይ ይቀራል። ይሄ አልጣመኝም። ሰውነታችሁ ሳይደክም፣ መንገዱም ቁልቁል ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ቀን ከሞጆ አልፋችሁ ዓለም ጤና ድረስ ብትገፉት ይሻላል፤ ያኔ ሁለተኛውን ቀን ከባቱ አልፋችሁ ታድራላችሁ። አዲስ አበባ ላይ የለመድሽው ብርድ ከሞጆ በኋላ የለም፤ ሙቀቱና ንፋሱ ነው የሚጎዳሽ። ሳይጠማሽ ጠጪ። ውሃ ብቻ ደግሞ አይበቃም፤ ጨውና ስኳር ጣል አድርጊበት።

ልምምዱንም በአንዴ አታክብጂው። የእሁዱን ጉዞ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አስረዝሚ። አንዳንዴ ቅዳሜም እሁድም ውጪ፤ የደከመ እግር ይዞ መነሳትን የምትለምጂው እንደዚያ ነው። ጉዞው ሲቃረብ ቀለል አድርጊና ተኚ። ከእግርሽ በፊት የሚያስለቅስሽ ደግሞ መቀመጫሽ ነው፤ ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ ግዢ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ። በሶም እያዘጋጀሁልሽ ነው፤ ገብሱን ራሴ ነው የቆላሁት። በማር ለውሰሽ፣ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥረሽ ኪስሽ ውስጥ ያዢው። ያ በየሱቁ የሚሸጠው ብስኩት ሆድ ከመንፋት በቀር ምንም አይፈይድም።

የእርዳታውን ነገር ቡና ላይ አነሳሁት። አንዷ «እሷ ሳይክል ስትነዳ ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?» አለች። ሰው በኪሎ ሜትር ቃል ይገባል አልኳት። «ታዲያ ሳትደክም ብንሰጣትስ?» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን፤ ግን እውነቷን ነው። ሳትደክሚ ብትጠይቂ ማን ይሰጥሻል? እኔ ራሴ ለሰው መንገር የቀለለኝ አንቺ ስለምትደክሚ ነው።

የኩላሊት እጥበት በሰፈራችን ስላለ ሁሉም ያውቀዋል። አብዛኛው ታማሚ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ 4 ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ይውላል። የዚህ ሳምንቱ ለሚቀጥለው አያገለግልም። ስለዚህ ለሰው «እናድናቸዋለን» አትበሉ። ይህን ያህል ብር የስንት ሰው የስንት ጊዜ እጥበት እንደሚሸፍን ከሐኪም ቤቱ ጠይቃችሁ፣ እሱን ንገሩ። የምግባችሁና የአልጋችሁ ወጪ ከራሳችሁ ኪስ ይሁን። ሒሳቡ በአንቺ ስም ብቻ እንዳይከፈት፤ ሦስት ሆናችሁ ፈርሙ። አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም። የሰው ብር ወሬ አያጣውም።

አብሽሪ፣ ትችዪዋለሽ። ኢንሻአላህ ሀዋሳ ስትገቢ መጀመሪያ ለአባትሽ ደውዪለት፤ ለእኔ ከደወልሽ ያኮርፋል።

የሒሳብ ቁጥሩን እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። አርብ የቅሬ (የእድር) ስብሰባ አለ፣ ተነስቼ እናገራለሁ።

እናትሽ፣ ከደሴ