በሦስቱ እናቶቻችን ስም የገባነው አማና (አደራ)፦ አስቸኳይ የድጋፍ ጥሪ

አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የተከበራችሁ የጀመዓችን አባላት፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

በዚህ ዓመት እጃችንን ስንዘረጋላችሁ ይህ ሦስተኛችን ነው። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ደክሞናል። ነገር ግን ዝም ብንል የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው። በሦስት ሟች እናቶቻችን ስም ለሴት ተማሪዎች የምንሰጠውን የትምህርት ድጋፍ ግማሽ ወጪ ብቻቸውን ሲሸፍኑ የቆዩት ለጋስ ሰው ንግዳቸው ስለተቀዛቀዘ አቁመዋል። አልተቀየምናቸውም፤ እስከዛሬ የሰጡትን አላህ ይቀበላቸው። ክፍተቱን ይሞላል ያልነው የገቢ ማሰባሰቢያ ፕሮግራም ደግሞ በአዳራሽ ችግር ሁለት ጊዜ ተላለፈ። አሁን በእጃችን ያለው ለአንድ ሴሚስተር እንኳ አይበቃም። ሰባት ልጆች መሃል መንገድ ላይ ናቸው።

ድጋፉ የተሰየመላቸውን ሦስት ሴቶች ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ስማቸው በአደባባይ ጽሑፍ እንዳይወጣ ልጆቻቸው ስለለመኑን እዚህ አንጠራቸውም። አንዷ የስንቱን ቤት ሴት ጀናዛ ያጠቡ፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ማነው ከማለታቸው በፊት ሒጃባቸውን የሚያነሱ ነበሩ። ሁለተኛዋ በጠባብ ክፍላቸው እናትንም ልጅንም ቁርኣን አስቀርተዋል።

የሦስተኛዋን ግን ከሞቱ በኋላ ነው በደንብ ያወቅናቸው። ልጃቸው ጥጉ የተበላ ደብተር አመጣችልን። ገጹ በእስክሪብቶ ለሁለት ተሰምሯል፤ በአንዱ በኩል የልጅ ስም፣ በሌላው የተከፈለላት ነገር፦ መመዝገቢያ፣ ጫማ፣ የፈተና ክፍያ፣ መነጽር። «ተመለሰ» የሚል ቦታ የለውም። ስናገላብጥ የዛሬዋ ገንዘብ ያዣችን ድንገት ዝም አለች። የራሷን ስም አግኝታ ነበር። የያኔውን መነጽር የገዛላት መምህሯ ይመስላት ነበር።

አንድ አባታችን «ቀኛቸው የሰጠውን ግራቸው እንዳያውቅ ሲሸሽጉ የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ እናንተ ስማቸውን ምን ብላችሁ ለጠፋችሁት?» ብለው ቆጥተውናል። ቁጣቸው ተገቢ ነው፤ ስንወስንም ተከራክረንበታል። ስሙን ያደረግነው ለራሳችን ልጓም እንዲሆነን ነው። ስም የሌለው ድጋፍ ሲያልቅ ማንም አያፍርም። በእነዚህ እናቶች ስም ጀምረን በሁለተኛ ዓመቷ ብናቋርጣት ግን ልጅቷ ስሙን ስትሰማ ምን ይሰማታል?

ሴት ሴትን ማስተማሯ በእኛ አልተጀመረም። የነቢዩ ባልደረባ ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) የነቢዩን ባለቤት እናታችንን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጽሕፈት አስተምራታለች። በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመን የተሰበሰበው የቁርኣን ጽሑፍም ከዑመር (ረ.ዐ) ሞት በኋላ በአደራ የተቀመጠው በዚህችው ሐፍሷ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1793 እስከ 1864 የኖረችው በዛሬዋ ናይጄሪያ የሶኮቶ ምሁር ናና አስማኡም ሴት መምህራንን እያሠለጠነች ወደየመንደሩ ትልክ ነበር፤ ትምህርቱን በቃላቸው እንዲይዙት በግጥም ትጽፍላቸው ነበር። እነዚህን የምናነሳው ለጌጥ አይደለም። ከመካከላችን «ሴት ልጅ ይህን ያህል ከተማረች ይበቃታል» የሚል ሰው አሁንም ስላለ ነው።

ስለ ወጪው። «የትምህርት ክፍያዋን ክፈሉ፤ ትራንስፖርቷና የቤት ኪራይዋ ምን አገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይመጣል። ተማሪ የምታቋርጠው በትምህርት ክፍያ ብቻ ቢሆን ሥራችን ቀላል ነበር። ከልጆቻችን አንዷ ነርሲንግ ትማራለች፤ የተግባር ልምምዷ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ክፍያዋ ተከፍሎላት ሳለ መሳፈሪያ አጥታ ደጋግማ በማርፈዷ ልምምዱን ልትደግም ምንም አልቀራትም ነበር። የትራንስፖርቱ መስመር በመዝገባችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። የገዛነው ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ነው፤ አራት ልጆች በተራ ይጠቀሙበታል፤ የተራው ወረቀት ክዳኑ ላይ ተለጥፏል። ለእናቶቹ መታሰቢያ ሰሌዳ የወጣው ገንዘብ ከኮሚቴው አባላት ኪስ እንጂ ከሰደቃው አይደለም። ይህን ስንናገር አራተኛ ጊዜያችን ነው፤ ደረሰኙም አለ።

በዚህ ገንዘብ አምስት ልጆች ተመርቀዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ከእነሱ አንዷ ከመጀመሪያ ደመወዟ ጀምሮ በየወሩ ትልካለች። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ቀኑን ግን አንድም ጊዜ አላሳለፈችም።

ስህተታችንንም እንናገር፤ በአንድ ሰው ላይ ተደገፍን። የነቢዩ ባለቤት እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፈችው ሐዲስ አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንለምናችሁ አንድ ትልቅ ስጦታ ሳይሆን በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ነገር ነው። ወደፊትም ከሰደቃው ከፍለን ገቢ የሚያስገኝ ወቅፍ (ለበጎ ሥራ በቋሚነት የተሰጠ ንብረት) የማቋቋም ሐሳብ አለን። ፋጢማ አል-ፊህሪ እ.ኤ.አ. በ859 በሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ እንደመሠረተችው የሚነገርለት የቀረዊዪን መስጂድና የትምህርት ማዕከል ለዘመናት መምህርና ተማሪ ያኖረው በወቅፍ ገቢ ነው። መጀመሪያ ግን ሰባቱ ልጆች ይህን ሴሚስተር ይለፉ።

ዘካችሁን ለዚህ የምትሰጡ ካላችሁ እባካችሁ ለይታችሁ ንገሩን። ዘካ በተውባ ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ ለተዘረዘሩት ስምንት ወገኖች እንጂ ለሌላ አይውልም። ስለዚህ በተለየ መዝገብ ይዘን፣ ድህነታቸው ለተረጋገጠ ተማሪዎች በእጃቸው እንሰጣለን። ላፕቶፕ አይገዛበትም፤ ወቅፉም ውስጥ አይገባም። ሰደቃ ከሆነ የሚበቃው «ለትምህርት ድጋፍ» ማለት ነው።

አከፋፈሉን በጥንቃቄ አንብቡልን። ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተውና ቁጥሩ በመስጂዱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ተደርጎበት በተለጠፈው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ባለፈው ወር በስማችን ሌላ የሂሳብ ቁጥር የያዘ የስልክ መልእክት ተሰራጭቶ ነበር፤ እኛ አልላክነውም። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ አታስገቡ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም እንኳ። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለገንዘብ ያዟ ስጡ፤ ተራ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ሩቅ ያላችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ከምታውቁት የኮሚቴ አባል ጋር ደውላችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ። በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ።

በየወሩ የምትችሉ ባንካችሁ ከሂሳባችሁ በቀጥታ እንዲያስተላልፍ እዘዙ። ገንዘብ የሌላችሁ የተማራችሁባቸውን መጻሕፍት አምጡ፤ ዱዓችሁንም አንጠላም። መዝገቡ በመጪው ጁሙዓ ለማንም ክፍት ነው፤ የሦስተኛዋ እናታችን ደብተርም አብሮ ይቀመጣል። ስማችሁን ካገኛችሁበት ንገሩን።

ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።
የትምህርት ድጋፍ ኮሚቴው