ለክልላችን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ኃላፊ፦ የተለወጠው ስንኝ ይታረም

ክቡር ኃላፊ፣

ቢሮዎ በሚያሳትመው መጽሔት፣ «ውኃ» በሚል ርዕስ በተዘጋጀው ልዩ እትም ላይ፣ የአንዲት ወጣት ገጣሚ ሥራ ሳትጠየቅና ሳታውቅ ተለውጦ ወጥቷል። ግጥሞቹን ከገጣሚዎቹ ተቀብዬ ለዝግጅት ክፍሉ ያስረከብሁት እኔ በመሆኔ፣ የእጅ ጽሑፉንና የታተመውን ገጽ አያይዤ አመልክቻለሁ፤ ቢሮው ድረስም ተመላልሻለሁ። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ከመባል በቀር ለማመልከቻዬ መልስ ስላላገኘሁ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ግጥሙ ሌሊት ተነሥታ የቦኖ ውኃ ወረፋ ስለምትይዝ እናት የሚናገር ሲሆን የተጻፈው በወል ቤት፣ ማለትም እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች በሚከፈልበት የግጥም ምጣኔ ነው። መዝጊያው እንዲህ ይል ነበር፦

ቦኖው ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም ሲል ጊዜ፣
ጀሪካኗን ሞላች እናቴ በትካዜ።

በመጽሔቱ ላይ ሁለተኛው ስንኝ «ጀሪካኗን ሞላች እናቴ በደስታ» ሆኗል። ቤት አይመታም፤ ትርጉምም አይሰጥም። ውኃ ያጣው ጀሪካን በሐዘን መሞላቱን ያሳየው፣ ግጥሙ ሁሉ የተጻፈለት ስንኝ ጠፍቶ፣ ውኃ ሲቋረጥ የምትደሰት እናት ተተክታለች። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ መጽሔቱ ልማትን የሚያስተዋውቅ በመሆኑ ጨለምተኛ አጨራረስ እንደማይመጥነው በቃል ተነገረኝ።

ዝግጅት ክፍሉ ግጥሙ ካልተስማማው ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ይህ መብቱ ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ገጣሚዋ ያልጻፈችውን ጽፎ ከሥሩ ስሟን ማኖር ግን መብቱ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአንቀጽ 8 ላይ፣ አንድ ሥራ የአመንጪውን ክብር ወይም መልካም ስም በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥ የመቃወም መብት ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። እነዚህን ድንጋጌዎች ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ቢሮ ያውቃቸዋል።

ጉዳቱም በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ይህች ልጅ በግጥም ምሽት መድረክ ላይ ወጥታ ሳለች፣ መጽሔቱን ያነበቡ ሰዎች ቤት መምታት እንኳ እንደማትችል አድርገው ሲሳለቁባት በዓይኔ አይቻለሁ። የእጅ ጽሑፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ለአጠገቧ ሰዎች ስታሳይ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ግጥም እንድትሰጠኝ ስጠይቃት «ማን እንዲጨርሰው?» ትለኛለች። እኔም የምመልስላት የለኝም።

የሌሎቹ ገጣሚዎችም አቤቱታ አለ፤ ገጽ ለመቆጠብ ሲባል ስንኞቻቸው እንደ ዝርው ጽሑፍ ተያይዘው ታትመዋል፣ ቃል የተገባላቸው ክፍያም እስካሁን አልተፈጸመም። ይህንን በሒሳብና በኅትመት ክፍሎቹ በኩል በቶሎ ማስተካከል ይቻላል፤ የስንኙ ጉዳይ ግን የእርስዎን ትእዛዝ ይጠይቃል።

በመሆኑም በሚቀጥለው እትም ግጥሙ ገጣሚዋ እንደጻፈችው ሙሉውን እንዲታተም፣ ለውጡ ያለ ፈቃዷ በቢሮው እንደተደረገ በግልጽ ተጽፎ በስሟ ይቅርታ እንድትጠየቅ እጠይቃለሁ። የቀሩት ቅጂዎች ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሊከፋፈሉ በመጋዘን እንዳሉ ሰምቻለሁ። ተማሪዎች እጅ ከመግባታቸው በፊት በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ማረሚያ እንዲገባ ዛሬውኑ ይዘዙ።