እንዝርቷን መልሼ አንስቻለሁ

እህት ዓለሜ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? ጋሼስ፣ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚህች መስመር ቀጥሎ የሚጻፈው ጠፍቶብኝ ነው ሰባት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር እስኪቀረው ዝም ያልኩት።

የእማማን ማረፍ የሰማሁት ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም፤ ለአውቶቡስ የሚሆን ብርም እጄ ላይ አልነበረም። ለአርባቸው እደርሳለሁ አልኩ፤ አርባቸው አለፈ። ለሙት ዓመታቸው አልኩ፤ እሱም አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ከዚያ በኋላ ስልክ አንስቶ ምን ይላል? ሁለት ጊዜ ደውለሽልኝ፣ ስምሽን እያየሁ፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም እስኪል ጠበቅሁ። ቁጥሯ ጠፍቶብኝ ነው፣ ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው፣ ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ብዬዋለሁ። ለአንቺ ግን አልዋሽም። አፍሬ ነው።

አሁን ደግሞ ቅሬታሽን የሚያብስ ነገር ልጨምርበት። ብዕር ያነሳሁት ጠጉር ፈልጌ ነው፤ የበግ ጠጉር። «ስትቸገር ትዝ አልኳት» ብትይ አልፈርድብሽም፤ ብቻ ጨርሰሽ አንብቢው።

አምና ጥር ላይ ባለቤቴ ከሥራ ተቀነሰ። የሚሸጥ ነገር ፍለጋ ዕቃ ስናገላብጥ፣ እማማ ለሰርጌ የሰጡኝ እንዝርት ከሣጥኑ ሥር ወጣ። ታስታውሺዋለሽ፣ ያ የቀንድ ክብ ያለው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ክሩ ሲሽከረከር ኖሮ የቦረቦረው ቀጭን መስመር አለ፤ ጥፍሬን ባሳርፍበት ልክ ገባ። እሳት ዳር ተቀምጠን ስንፈትል የእኔ ክር በተበጠሰ ቁጥር «ዓይንሽ እኔ ላይ፤ እጅሽስ የት ነው?» የሚሉኝ ትዝ አለኝና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልሽጠው ብልስ ማን ይገዛዋል? ልፍተልበት አልኩ።

በግ እዚህ ሐረር ሞልቷል፤ ጠጉር ግን የለም። የዚህ አካባቢ በግ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ የሆነው የሶማሌ በግ ነው። ስቡን ዳሌው ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ገላው ላይ ያለው እንደ ላም ጠጉር አጭር ነው፣ ለቆላ ሙቀት የተፈጠረ፤ አይሸለት፣ አይፈተል። አንዱን የበግ ነጋዴ «ጠጉራም በግ አለህ?» ብለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «እህቴ፣ የምትበይው ሥጋውን ነው ጠጉሩን?» አለኝ። የበግ ጠጉር ባና ለብሶ ያደገ ሰው ፊቱ እንደቆመ ምን ያውቃል!

በመጨረሻ አንድ የጭነት ሾፌር ከደብረ ብርሃን ሁለት ከረጢት አመጣልኝ። የመጀመሪያውን በገዛ እጄ አበላሸሁት። ጋቢ እንደማጥብ፣ የሚያቃጥል ውሃ፣ ኦሞ፣ እሽት እሽት። ከሳፋው ያወጣሁት ጠጉር ሳይሆን ጣት የማያስገባ ምንጣፍ ነበር። የበግ ጠጉር እያንዳንዷ ዘለላ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አላት፤ ሙቀትና ማሸት ሲገናኙ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፍና በቃ፣ አይላቀቅም። እማማ ባናው ላይ ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ በእግር ያስረግጡን የነበረው ለዚሁ አልነበር? እግሬ የሚያውቀውን እጄ ረሳው። አሁን ለብ ባለ ውሃ ከእንዶድ ጋር እዘፈዝፈዋለሁ፤ አልነካካውም፣ ውሃውን ብቻ ሦስት አራት ጊዜ እለውጣለሁ። ላቡና ቅባቱ ሲወጣለት ኪሎው ከ600 እስከ 700 ግራም ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛውን ከረጢት ደግሞ ገና ሳላጥበው ደጅ አሳደርኩት። ጅብ ጎትቶ ወስዶ አጥር ሥር በትኖት አደረ። ሽታው በግ፣ ውስጡ ባዶ! የሐረርን ጅብ ያታለልኩ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ግማሹን ከእሾህ ላይ ለቅሜ መለስኩ።

ቀለሙ ላይ ግን ሐረር ካሰችኝ። ከጎረቤታችን ምግብ ቤት የሽንኩርት ልጣጭ በፌስታል እለቅማለሁ፤ ሸቡን ከዕጣንና ከሽቶ ነጋዴዎች እገዛለሁ። ለ100 ግራም ደረቅ ጠጉር 15 ግራም ሸብ። ጠጉሩ በመጀመሪያ በሸቡ ውሃ ይሞቃል፤ ቀለሙን ከጠጉሩ ጋር የሚያጋባው እሱ ነው፣ ያለ እሱ አብዛኛው ቀለም በሁለተኛው እጥበት ይሄዳል። ከዚያ ልጣጩ በተቀቀለበት ውሃ አንድ ሰዓት። ከድስቱ ዳር ዳር ትንንሽ አረፋ ብቅ ሲል እንጨቱን እጎትታለሁ፤ መፍላት የለበትም። እዚያው ያድራል። ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ ጠጉሩን በእንጨት ሳነሳው የሚወጣውን ቀለም ምን ልበልሽ፣ ጠጅ በብርሌ ይዘሽ ወደ ፀሐይ ብታነሺው የምታይው ነው። ምስማር በኮምጣጤ አስዝጌ ከዚያ ጥቂት ጠብ ካደረግሁበት ደግሞ ወደ ወይራ ቅጠል ይዞራል። ድስቱ የቀለም ብቻ ነው፤ ባለቤቴ አንድ ቀን ሽሮ ሊሠራበት ሲል ደረስኩበት።

የቡና ገለባ የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ቡኒ ይሰጣል። በሂና አስተማሪዬ ሐረሪዋ ጎረቤቴ ናት፤ ለሙሽራ እጅ የሚበጠበጠው ጠጉር ላይ ሲያርፍ ዝገት መሳይ ብርቱካን ይሆናል። ገራባም ሞክሬያለሁ፣ አትሳቂ። የከተማው ሰው ከሰዓት በኋላ ጫቱን ቅሞ የሚጥለውን ከፍየሎች ጋር ተሻምቼ ቀቀልኩት፤ የወጣው የወታደር ልብስ ነው። አልደገምኩትም።

እርድ ግን አዋረደኝ። አደይ አበባ የሚያስንቅ ቢጫ ሲወጣልኝ ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትቼ ስድስት የትራስ ልብስ አሠራሁበት። አንዲት የድሬዳዋ ሴት ሁለቱን ገዝታ ሄደች። በወሯ ተመለሰች፣ መስኮት ሥር ያስቀመጠችው ትራስ በአንድ ጎኑ ቢጫ፣ በሌላው ጎኑ ንጣት። እርድ ፀሐይ አይችልም። ይህን የተማርኩት ብሯን ከመለስኩ በኋላ ነው።

አንድ የድሮ ነገር የሚያጠኑ ሽማግሌ ሱቅ ገብተው የነገሩኝ ደግሞ እንቅልፍ ነሥቶኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረር ወደ ኤደንና ወደ ዓረብ አገር የሚጫን ወርስ የሚባል ቀለም ነበር። ከአተር ወገን የሆነ ቁጥቋጦ አለ፤ ከፍሬው ሽፋን ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ይራገፋል፣ ዓረቦቹ ሐር ይቀልሙበት ነበር። እና ቡናና የዝሆን ጥርስ ሲወጣ ቀለምም አብሮ ይወጣ ነበር ማለት ነው፤ እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ የሽንኩርት ልጣጭ እለቅማለሁ! ቁጥቋጦውን የሚያውቅ ገበሬ እያፈላለግሁ ነው። እስካሁን ሦስት ሰው ሦስት የተለያየ ቅጠል አምጥቶልኛል፤ ለሦስቱም ከፍያለሁ።

ሱቁ መኪና ግርግር ነው፣ ጀጎል ውስጥ። ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ በግራ በቀኝ ግርርር ይላሉ። ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ተጋርቼ የያዝኳት፣ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ የሚወጣባት ቦታ ናት። መጀመሪያ በሩ ላይ «የሱፍ ክር» ብዬ አጻፍኩ። ጸሐፊው «ሱፍ»ን አግዝፎ «ክር»ን ጥግ ላይ አጨናነቃት። ዐቢይ ጾም ገባ፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው መጡና «ልጄ፣ ሱፉ ኪሎው ስንት ነው? የታጠበ ነው?» አሉኝ። ታጥቧል አልኳቸው! ልቃቂቱን ሳሳያቸው አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ «ይኼማ የበግ ነው፤ በጾም!» ብለው ጥለውኝ ወጡ። በማግስቱ ደግሞ አንድ ጎረምሳ ለሠርግ ሱፍ ሊያሰፋ መጣ። እሱን ለልብስ ሰፊው አሳለፍኩት፤ ኮሚሽን ግን አልሰጠኝም። አሁን በሩ ላይ «የበግ ጠጉር» ነው የሚለው።

ገበያው ይህን ያህል አያስፎክርም። ከቤት ሥራ ጋር በቀን 100 ግራም ከፈተልኩ ጎበዝ ነኝ። ሸማኔው ድሩን ጥጥ፣ ማጉን ጠጉር አድርጎ ይሠራልኛል፤ ሙሉ ጠጉር ከሆነ ድሩ ጠጉር እያወጣ ይያያዝብኛል ይላል። ትራስና የመደብ ምንጣፍ ይሄዳል፣ የአንገት ልብስ ብዙም አይሄድ፤ ይህ አገር የሚበርደው ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ነው። ጅብ ሲበላ ለማየት የሚመጡ እንግዶች ቀን ላይ በዚህ ያልፋሉ፣ የሚገዛው ግን ይበልጡን ውጭ ልጅ ያላት እናት ናት። «በዚህ ዋጋ የቻይና ብርድ ልብስ እገዛለሁ» የሚለኝም አለ። እውነቱን ነው፣ ይገዛል። እኔም ቤቴ የቻይና ነው የምለብሰው።

ከሁሉ የሚሄደው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀለም ያልነካው ጥቁሩ። የእኛ የመንዝ በግ ጥቁር ጠጉር፣ ዳር ዳሩ በፀሐይ ቡኒ ያለው። ሾፌሩ የሚያመጣልኝ ግን ከታረደ ቆዳ ላይ የተነቀለ ነው፤ አጭር ነው፣ ኖራ ኖራ ይላል፣ ስፈትለው ይበናል። እኔ የምፈልገው ከቁም በግ የተሸለተ፣ ያልታጠበ ነው። አዋሲ ከሚባለው የውጭ በግ ጋር የተዳቀሉት የኛ በጎች እናንተ ጋ አሁንም አሉ? የእነሱስ ጠጉር እንዴት ነው? አሥር ኪሎ ብታሰባስቢልኝ፣ ዋጋውን አስቀድሜ በባንክ ብልክልሽ፣ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ…

ቆይ። እንዲህ እጽፋለሁ ብዬ አልነበረም። የእማማ ሰባት ዓመት ኅዳር ላይ አይደለም? ትንሿ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ከአባቷ ጋር መሰንበት ትችላለች። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከተዝካሩ ሦስት ቀን ቀድሜ እደርሳለሁ። ጌሾም ወቅጣለሁ፣ እንጀራም እጋግራለሁ፤ ተቆጪኝ፣ ብቻ በር አትዝጊብኝ። ጠጉሩን ስመለስ ራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ።

የእማማን የጠጉር መንደፊያ ደጋን ጣራው ሥር አንጠልጥላችሁት ከሆነ አታውርዱት፤ ጅማቱን ራሴ እቀይረዋለሁ። ጠጉሩንም እስከዚያ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጪብኝ፤ የፕላስቲኩ ክር እየተላጠ ይገባበታል፣ ባለፈው ስለቅም ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። አሮጌ ነጠላ ካለሽ በእሱ ጠቅልዪው።

የአንቺው፣ ከሐረር
መስከረም