ስለ ጠመንጃው ስንጨቃጨቅ ሰዓቱን ረሳነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ክርክር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዱ ወገን መሣሪያ ይሰብሰብ ይላል፣ ሌላው መብታችንን አትንኩ ይላል፣ ስለዚህ መቼም አይገናኙም የሚል ነው ሐሳቡ። አልተዋጠልኝም። እዚህ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ድምፅ እሰጣለሁ፣ መሣሪያ ያላቸው ጓደኞችም አሉኝ። የምንጨቃጨቀው ሁልጊዜ ስለ ጠመንጃው ነው። ሰዓቱን የሚያነሳ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሰዓቱ የምለው ሰው ተናዶ ወይም ዓለም ጨልሞበት መሣሪያ የሚያነሳበትን ሰዓት ነው።

በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ 48,830 ሰው በመሣሪያ ሞቷል። ከዚህ ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ! በቴሌቪዥን የምናየው ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ሱፐርማርኬት፣ የፖሊስ መኪና። እነዚያ ሞቶች ልብ ይሰብራሉ። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ለሞተው ሰው ግን ካሜራ አይመጣለትም፣ በምርጫ ክርክር ላይም የሚያነሳው የለም። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ያ ክፉ ሰዓት የሚያልፍ መሆኑ ነው። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ከተረፉት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ አይሞቱም። ጥይት ግን ለመትረፍ ዕድል አይሰጥም ማለት ይቻላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጓደኛዬ ትዳር ፈረሰ። አደን ይወዳል፤ ቤቱ ካዝና ውስጥ ሁለት ጠመንጃና አንድ ሽጉጥ አለው። አንድ ማታ ደወለና "የካዝናውን ቁልፍ አንተ ጋ ላስቀምጠው" አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም፣ ገብቶኛል። ቁልፉ እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ አራት ወር ቆየ። ከዚያ መጥቶ ወሰደው። ዛሬም አደን ይሄዳል። ዛሬም ስለ መሣሪያ መብት ሽንጡን ገትሮ ይከራከረኛል። ማንም ምንም አልቀማውም። ጊዜ ብቻ አገኘ።

ጓደኛዬ በራሱ ያደረገውን ሕግም ሊያግዝ ይችላል፣ አግዞም ታይቷል። በፌብሩዋሪ 2018 ፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ላይ 17 ሰው ተገደለ። ፍሎሪዳ መሣሪያ የምትወድ ግዛት ናት። ገዥው ሪክ ስኮት ሪፐብሊካን ነበሩ፣ ምክር ቤቱም በፓርቲያቸው እጅ ነበር። ሆኖም ወር ሳይሞላ ሕግ ተፈረመ። ጠመንጃ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ግድ ሆነ። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲጠብቅ ተደረገ። አደጋ ያደርሳል ተብሎ ከሚፈራ ሰው ላይ በፖሊስ ጥያቄና በዳኛ ትእዛዝ መሣሪያውን ለጊዜው መያዝም ተፈቀደ፤ ሬድ ፍላግ የሚሉት ሕግ ማለት ነው። የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበሩ ኤን.አር.ኤ በዚያው ቀን ሕጉን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ሄደ።

ሬድ ፍላግን የሚቃወሙ ሰዎች ያልተፈረደበት ሰው እንዴት ንብረቱን ያጣል ይላሉ። እኔም ያሳስበኛል። ዳኛው የመጀመሪያውን ትእዛዝ የሚሰጠው ሰውየውን ሳይሰማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የፍሎሪዳው ሕግ በ14 ቀን ውስጥ ቀርቦ እንዲሰማ የሚያዘው፣ ትእዛዙም ከአንድ ዓመት እንዳይበልጥ የሚገድበው። ለማራዘም ከተፈለገ እንደገና ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። እዚህ ላይ የሚከራከሩ ሰዎችን ጠላት ማድረግ የለብንም፤ ሕጉ የተሻለ የሚሆነው በእነሱ ጥያቄ ነው።

ሰዓቱ ላይ ስንቸኩል ምን እንደሚመጣም አይተናል። በጁን 2015 ደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ዘጠኝ ሰው የገደለው ወጣት ሽጉጡን ሲገዛ መሣሪያ መግዛት ይፈቀድለት እንደሆነ የሚታይበት ማጣሪያ (ባክግራውንድ ቼክ) አላለቀም ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ ሻጩ መሸጥ ይችላል ስለሚል ተሸጠለት። ኤፍ.ቢ.አይ በኋላ እንዳመነው፣ ማጣሪያው በደንብ ቢሠራ ኖሮ መከልከል ነበረበት። በ2022 ደግሞ ቴክሳስ፣ ኡቫልዴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ላይ 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ተገደሉ። ገዳዩ ጠመንጃዎቹን የገዛው 18 ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ነው። በወሩ ኮንግረስ ሕግ አወጣ። ገዢው ከ21 ዓመት በታች ከሆነና ማጣሪያው ጥርጣሬ ካስነሳ እስከ አሥር የሥራ ቀን ሊጠበቅ ይችላል። ሴኔቱ 65 ለ33 ነው ያጸደቀው፤ 15 ሪፐብሊካኖች ደግፈውታል። መቼም አይገናኙም ላለው ጸሐፊያችሁ ይህን ነው የማሳየው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ቢሆን በ2008 መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ወስኗል። ይህን መካድ አያዋጣም። ያው ፍርድ ቤት ግን በ2024፣ 8 ለ1፣ ለሌላ ሰው አካል አደጋ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ያረጋገጠበት ሰው መሣሪያውን ለጊዜው ሊያጣ ይችላል ብሏል። ለጊዜው!

አንድ የሚከብደኝ ጥያቄ አለ። የቀድሞ ባሏ ዛሬ ማታ ልገድልሽ ነው ያላት ሴት ሦስት ቀን እንዴት ትጠብቅ? የመሣሪያ መብት ተከራካሪዎች ይህን ሲያነሱ እውነታቸውን ነው። የሚያስፈራራው ሰው እንዳይቀርበው የሚከለክል ትእዛዝ ከዳኛ ያገኘ ሰው ቀኑን ሳይጠብቅ እንዲስተናገድ ሕጉ በር ሊከፍት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለአንዷ ብለን የሦስት ቀኑን ቆይታ ለሁሉም ማንሳት ግን አይታየኝም።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ዕጩዎችን ስትጠይቁ መሣሪያ ትደግፋለህ ትቃወማለህ ማለቱን ተዉት። ስንት ቀን ይጠበቅ በሏቸው። ማጣሪያው በአራተኛው ቀን ካላለቀ ምን ይደረግ? የአንድ ሰው መሣሪያ ለጊዜው ይያዝ ብሎ ዳኛ ፊት የሚያመለክተው ፖሊስ ብቻ ነው ወይስ ቤተሰብም? መልሳቸውን እንዳለ አትሙልን፣ እኔ ከምርጫው በፊት ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

አንባቢያችሁ