ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ፦ ስለ አረንጓዴ ሻይ እንክብል

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ስለ አረንጓዴ ሻይ ነው። ከተማችን ውስጥ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ሆኗል። ታይዋን ገበያም ሆነ ከፊራ ገበያ ዞር ዞር ያለ ሰው ያየዋል። ቦርጭ ያጠፋል፣ ስኳር ያወርዳል እየተባለ ይሸጣል። አንዳንዱ ቅጠል ነው፣ አንዳንዱ እንክብል። ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙዎቻችን በማናነበው ቋንቋ ስለሆነ፣ ገዢዋ የምትይዘው ሻጩ የነገራትን ብቻ ነው።

በሻዩ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ጉዳት የለውም። ኮሌስትሮልንም በመጠኑ ይቀንሳል። ክብደት በመቀነስ በኩል ግን የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሰው ብር የሚያፈስበት ደግሞ ለዚሁ ነው።

የሚያስጨንቀኝ እንክብሉ ነው። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዋናው ኢጂሲጂ ይባላል። በእንክብል መልክ ሲመጣ ይኸው ንጥረ ነገር ተጨምቆ፣ በዝቶ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳወቀው፣ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ኢጂሲጂ በእንክብል መውሰድ ጉበት መጎዳቱን ከሚያሳዩ ኢንዛይሞች መጨመር ጋር ይያያዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 መጠኑን በሕግ ከዚያ በታች ገደበ። በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ የሚል ማስጠንቀቂያም እንዲጻፍበት አዘዘ። እኛ ሰፈር የሚሰጠው ምክር ደግሞ «ጠዋት ቁርስ ሳትበዪ ዋጪው» ነው!

«የማቅጠኛ ሻይ» የሚባለው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ልብን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የተባለ የማቅጠኛ መድኃኒት፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። እኛ ጋ የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ ማን መረመረው?

አንዲት ጎረቤቴ በልብ ቫልቭ ሕመም ምክንያት ዋርፋሪን የተባለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች። ለጤና ይበጃል ብለዋት አረንጓዴ ሻይ በፔርሙስ እየሞላች ትጠጣ ነበር። ሻዩ ሲበዛ የመድኃኒቱን ኃይል ሊቀንስ ይችላል፤ ያኔ ደም የመርጋቱ አደጋ ይመጣል። ክትትል በምታደርግበት ሆስፒታል ግን ከመድኃኒቱ ሌላ ምን እንደምትወስድ አንድም ቀን አልተጠየቀችም። ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን አይረን በሻይ የምትውጥ ነፍሰ ጡርም አለች። ሻይ፣ አረንጓዴም ሆነ ጥቁር፣ አይረን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳል። በመካከላቸው አንድ ሁለት ሰዓት ማለፍ እንዳለበት የሚነግራት ሰው ብቻ ነው የጎደላት። ግፊት እያለበት ከሰዓት ጫት የሚቅመው ሰውም አለ። ጫቱ ብቻውን ግፊት ይጨምራል፤ በላዩ ካፌይን ያለበትን ሻይ ሲደራርብ ማን ይንገረው?

ስለዚህ ቢሮው ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር ሆኖ እንክብሎቹንና የማቅጠኛ ሻዮቹን ከገበያ ናሙና እየወሰደ ያስመርምር። ውጤቱንም ለሕዝብ ይንገር። በየጤና ጣቢያው ካርድ ላይ «ሌላ የሚጠጡት ወይም የሚውጡት ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ ይግባ። በየፋርማሲው በር ላይም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አጭር ማሳሰቢያ ይለጠፍ፦ የጉበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት እንክብሉን እንዳትነካ፤ እየወሰደ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ሰው ወዲያው አቁሞ ወደ ሕክምና እንዲሄድ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የድሬዳዋ ነዋሪ