መኪናው ዝቅ ቢል ይበል፤ የአየር ፊልትሮው ግን ከፍ ይበል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፦

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። በደሴና በኮምቦልቻ በመኪና ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። የምንጽፈው አጭር ሞላ (የጎማ ተሸካሚ ስፕሪንግ) ገብቶላቸው ዝቅ ስላሉ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ መኪኖች ነው። መኪናን ዝቅ ማድረግ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ማማሩንም አንክድም። (ነባሩን ሞላ በመጋዝ ቆርጦ ማሳጠር ግን ጥፋት ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።) የዛሬው ጉዳያችን በዚያው ዝቅ ባለ መኪና ላይ «ቀዝቃዛ አየር ይስባል» እየተባለ የሚገጠመው ረጅም የአየር ቱቦ ነው። ሐምሌ ሳይገባ ሰው ሊያውቀው ይገባል ብለን ነው።

ፋብሪካው የአየር ማስገቢያውን አፍ ያስቀመጠው ከኮፈኑ ሥር፣ በራዲያተሩ ላይኛው ጠርዝ አካባቢ ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ይህ አፍ ከመሬት ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ይርቃል። ረጅሙ ቱቦ ግን ነባሩን የፊልትሮ ሳጥን አስወጥቶ በባትሪው ጎን ቁልቁል ይወርድና ፊልትሮውን ከፓራውልቱ (ከፊት መከላከያው) ጀርባ፣ ከጎማው ፊት ለፊት ባለው ክፍተት ውስጥ ይሰቅለዋል። እዚያ ቦታ ላይ የፊልትሮው የታችኛው ጫፍ ከመሬት 24 ሴንቲሜትር ገደማ ቢቀረው ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 4 ሴንቲሜትር የሚያሳጥር ሞላ ሲገባ 24 የነበረው 20 ይሆናል። አምስት ሰውና ሻንጣ ሲጫን የፊቱ አካል 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ፍሬን ሲያዝ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አፍንጫው ሌላ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይደፋል። የቀረው 14 ወይም 15 ነው። ይህ ሁሉ ውሃው ጸጥ ብሎ ተኝቶ ከሆነ ነው። መኪና ውሃ ውስጥ ሲሄድ ከፊቱ ማዕበል ይገፋል፤ ሾፌሩ በፈጠነ ቁጥር ማዕበሉ ከፓራውልቱ ፊት ይቆለላል። ከሚሌ መስመር የሚመጣ ባለ ተሳቢ በተቃራኒው ቢያልፍ ደግሞ 10 ሴንቲሜትር የነበረው ውሃ ለአፍታ እጥፍ ይሆናል። ፊልትሮው ለመስጠም ያቺ አፍታ ትበቃዋለች።

«ቱቦው ረጅም ነው፣ ውሃ ሽቅብ አይወጣም» የሚል ክርክር ከደንበኞች ብቻ ሳይሆን ከገጣሚዎችም አፍ ይሰማል። ስህተት ነው። ውሃን 10 ሴንቲሜትር ሽቅብ ለመሳብ 1 ኪሎፓስካል የግፊት ልዩነት በቂ ነው። ከሰጠመው ፊልትሮ እስከ ሞተሩ የአየር በር ያለው ከፍታ 60 ሴንቲሜትር ቢሆን 6 ኪሎፓስካል ይፈልጋል። አየር መግቢያ ያጣ ሞተር ይህን ያለ ምንም ችግር ይፈጥራል። 1,300 ሲሲ ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ ከ25 ሊትር በላይ የሚስብ ጉልበት አለው፤ አየር ካላገኘ ያገኘውን ይስባል።

ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሆነው ቀላል ነው፤ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ባለ 1,300 ሲሲ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ የመጭመቂያ መጠኑ 10.5 ለ 1 ከሆነ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ 34 ሚሊሊትር ብቻ ነው። ግማሽ ስኒ ቡና ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ውሃ ከገባ ፒስተኑ መንገድ የለውም። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከነበረ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ሊተርፍም ይችላል። ነዳጅ ተረግጦ ከነበረ ግን ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ይጣመማል፤ ሲብስም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ ይበሳል።

ይህ ሁሉ አደጋ የሚገዛው ለምን ጥቅም እንደሆነ እንመልከት። አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የነባሩ ሳጥን አፍ ከራዲያተሩ ፊት የውጭ አየር ስለሚስብ ልዩነቱ 10 ዲግሪ እንኳ የማይሞላበት ጊዜ ብዙ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሆና 80 በመቶ አካባቢ ታገኛለች። ተርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ላይ ሩቡን ጉልበቱን ያጣው በከፍታው ምክንያት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የሚለግመውን መኪና ፊልትሮ ወደ መሬት በማውረድ ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ድምፁ ይጎላል፤ ድምፅ ግን ጉልበት አይደለም።

በዚህ ላይ የወሎ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በልግ አለ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ደሴ ውስጥ ቦዩ በቆሻሻ ሲደፈን አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ታች ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ዳር ዳሩ ይተኛል። ወደ መርሳ፣ ወልድያና ቆቦ የሚሄድ ሰው ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከተራራው የሚወርድ ደራሽ ውሃ መንገድ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ጎርፉ ድፍርስ ነው፤ ጥልቀቱ በዓይን አይለካም።

ስለዚህ በጎማ ይለካ። 165/70 አር 14 ጎማ ያለው ቪትዝ ከፊታችሁ ውሃ ውስጥ ካለ፣ የቸርኬው የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 9 ሴንቲሜትር ያህል ላይ ነው። ውሃው ያንን ጠርዝ ካለፈ ዝቅ ያለና ፊልትሮው ታች የተሰቀለ መኪና አይግባ። የቸርኬው መሐል ላይ ከደረሰ 28 ሴንቲሜትር ሆኗል፤ ዝቅ ያለም ያላለም ትንሽ መኪና መመለስ አለበት፣ 30 ሴንቲሜትር የሚፈስ ውሃ ብዙ ትንንሽ መኪኖችን ከመሬት ያነሳልና። ከዚያ በታች ከሆነና መግባት ግድ ከሆነ በአንደኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ነዳጁን ሳያወላውሉ፤ ከባድ መኪና በተቃራኒ እየመጣ ከሆነም እሱ እስኪያልፍ ዳር ይዞ መጠበቅ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው የእኛ ምክር ነባሩን ሳጥን መመለስ ነው። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ ገብቶለት፣ የሳጥኑ ክሊፖች በሙሉ ይዘው፣ ወደ ፊት የሚሄደው አፍ ሳይሰነጠቅ ከተገጠመ ለወሎ ከዚህ የተሻለ የለም። መልኩንና ድምፁን የሚፈልግ ሰው ካለ አጭሩን ቱቦ ይግጠም፤ ፊልትሮው ኮፈኑ ሥር ይቀራል። አጭሩ ቱቦ ችግሩ ሙቀት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ ኮፈኑ ሥር ያለው አየር ይግላል። ለዚህ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የአልሙኒየም ላሜራ ፊልትሮውን ከሞተሩ የሚለይ ግድግዳ ይሠራለታል፤ በላይኛው ጠርዝ የበር ጎማ ይለበጥና ኮፈኑ ሲዘጋ ጎማው ላይ ያርፋል፤ ፊት ለፊቱ ወደ ነባሩ የአየር አፍ ክፍት ይተዋል። ላሜራው ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በጣም መራቁን ማየት እንዳይረሳ።

የቱቦው ውፍረትም በዘፈቀደ አይመረጥም። የአየር መለኪያው ሴንሰር የሚቀመጥበት ቦታ ውስጣዊ ስፋት ከነባሩ ከሰፋ ሴንሰሩ የሚያነበው አየር ከገባው ያነሰ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያሳንሳል። «ፊልትሮ ከተቀየረለት ወዲህ ይንቀጠቀጣል» የሚባለው መኪና ብዙ ጊዜ ጣጣው ይኸው ነው፤ ካልሆነም ያልጠበቀ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ነው። ዘይት የሚቀባ የጥጥ ፊልትሮ ሲሆን ደግሞ የበዛው ዘይት ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል። ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ፈሳሽ ብቻ ይጠብ፤ በጨርቅ ወይም በጥርስ ብሩሽ የነካው ሰው አዲስ ይገዛል።

ረጅሙን ቱቦ አልፈታም የሚል ካለ ቢያንስ እንዲህ ያድርግ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ የጎማውን አየር አስተካክሎ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ አራት ሰው አስቀምጦ ከመሬት እስከ ፊልትሮው ታችኛ ጫፍ በሜትር ይለካ። ባዶውን የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም። መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ መጨረሻው አዙሮ በጎማውና በፊልትሮው መካከል ቢያንስ 25 ሚሊሜትር መኖሩን ይይ፤ ዝቅ ባለ መኪና ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ጠልቆ ስለሚገባ ፊልትሮውን እየፈገፈገ ይቀደዋል። የፓራፋንጎው የውስጥ ፕላስቲክ ለመግጠም ሲባል ተቆርጦ ወይም ተጥሎ ከሆነ ይመለስ፤ እሱ ከሌለ ጎማው የሚረጨው ጭቃ በሙሉ ፊልትሮው ላይ ነው።

ውሃ የሚመልስ የፊልትሮ ጨርቅ ይሸጣል፤ ለርጭት ይጠቅማል፣ ለመስጠም ግን ምንም አያደርግም። ሁለተኛው መሣሪያ ቱቦው ላይ ከፍ ብሎ የሚገባ የአየር ማሳለፊያ ቫልቭ ነው። ፊልትሮው ሲሰጥም ቱቦው ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ የቫልቩን ስፖንጅ ይከፍትና አየር ከላይ ያስገባል። ይህ ይሠራል፤ ግን ቫልቩ ከውሃው በላይ እስካለ ድረስ ብቻ፣ ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ብቻ፣ ስፖንጁም ሳይደርቅና ሳይሰነጠቅ። ታች ተገጥሞ ያየ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ተገጥሞ ይገኛል ግን። ቱቦው ታችኛ መታጠፊያ ላይ በመሰርሰሪያ ቀዳዳ አበጅቶ «ውሃው ይንጠባጠብ» ማለትስ? ሞተሩ ሲነሳ ያ ቀዳዳ ያልተጣራ አቧራ ይስባል፤ ውሃ የሚያወጣው ሞተሩ ሲጠፋ ነው።

አቧራውንም በጋ ላይ አንርሳው። ከመሬት 20 ሴንቲሜትር ላይ ያለ ፊልትሮ ከፊት ያለው መኪና ጎማ ያነሳውን አሸዋ በቀጥታ ይቀበላል። ከአስፋልት ወጥቶ የሚሠራ መኪና ሪንጉ ቶሎ ያልቃል፤ ዘይት መብላት ይጀምራል። የኮብልስቶን ጠርዝና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ደግሞ ፓራውልቱን ከሥር ሲገጩት ማሰሪያው ይላቀቅና ቱቦው ከፊልትሮው ይለያል፤ ሾፌሩ የሚያውቀው ድምፁ ሲቀየር ነው።

መኪናው ውሃ ውስጥ ከቆመ ቁልፉን አትድገሙት። ከመጀመሪያው የተረፈውን ቢየላ ሁለተኛው ሙከራ ሊያጣምመው ይችላል። ማርሹን ፈትታችሁ ገፍታችሁ አውጡት፤ በማርሽ ጎትቶ ማስነሳትም ያው ጥፋት ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ቱቦውን ፈትታችሁ ከአየር በሩ በፊት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ርጥበት ካለ አራቱም ካንዴላ (የእሳት መስጫ) ይውጣ። የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ይነቀል፣ የኮይሎቹ ሶኬት ይለቀቅ። መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ፣ በብሎን መፍቻ አዙሩት፤ ሁለት ሙሉ ዙር ሳይያዝ ከዞረ ባትሪውን መልሳችሁ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ለ5 ሰከንድ ያህል እያዞራችሁ ደጋግሙ። ፊታችሁን ከካንዴላው ቀዳዳ አርቁ፤ ውሃው ይተኮሳል። በየሲሊንደሩ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምሩ። ይህ በዚያው ቀን ካልተደረገ ሲሊንደሩ መዛግ ይጀምራል።

ዘይቱ ወተት መስሎ ከተገኘ ከነፊልትሮው ይቀየር፤ ሞተሩ ለ20 ደቂቃ ያህል ሠርቶ እንደገና ይቀየር። ከዚያ ኮምፕሬሽን (የየሲሊንደሩ የመጭመቅ ግፊት) ይለካ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ደሴ ላይ የተለካ ኮምፕሬሽን ከመጽሐፉ ቁጥር በሩብ ያህል ዝቅ ቢል ምክንያቱ ከፍታው ነው፤ ደህናውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ማውረድ አይገባም። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር ከበለጠ ያነሰው ሲሊንደር ይጠርጠር። የካንዴላው ቀዳዳ ቀጥ ባለበት ሞተር ቀጭን ዘንግ አስገብቶ እያንዳንዱ ፒስተን ጫፍ ሲደርስ መለካት ይቻላል። አንዱ ከሌሎቹ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ዝቅ ብሎ ከቆመ ቢየላው ተጣሟል። እንዲህ ያለ መኪና ይነሳል፣ ይሄዳልም፤ ወራት ቆይቶ ሐረጎ ላይ ቢየላውን ይወረውራል።

ቱቦ የሚገጥሙ የሙያ ባልደረቦቻችን ሲያስረክቡ መኪናው ሰው ጭኖ ሳለ ፊልትሮው ከመሬት ያለውን ቁመት በሴንቲሜትር ደረሰኙ ላይ ቢጽፉልን ደስ ይለናል፤ ባለቤቱ የሚገባበትንና የማይገባበትን ውሃ ከዚያ ያውቃል። ቦሎ ለማሳደስ በሚደረገው ምርመራ ላይም ይህችው ልኬት ብትታይ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። ዝቅ ያለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ደግሞ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ፊልትሮውን አስፈትቶ በእጥፋቶቹ መካከል የደረቀ ደለል መስመር መኖሩን ይይ፤ ካለ ኮምፕሬሽን ሳያስለካ ሊብሬው ላይ አይፈርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ጥገና ባለሙያዎች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ