ክሌማቲስ ሲጠወልግ ምን እንይ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ክሌማቲስ የሚባለው ባለ አበባ ሐረግ ጠወለገብን ያላችሁ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም በአንድ ልጻፍ።

ቶሎ ብላችሁ አትንቀሉት። አፈሩን በጣት ጫር ጫር አድርጉት። ደረቅ ከሆነና ተክሉ በሙሉ ከዘመመ ጠምቶታል፤ ሲጠጣ ቀና ይላል። የደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ደግሞ ለጋውን ጫፍ ነው የሚያቃጥለው።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ አንድ ሐረግ ብቻውን፣ ከነእምቡጡ፣ ድንገት ዝልፍልፍ ካለ የቅጠሉን አንጓ ተመልከቱ። ጠቁሯል? ግንዱን በምላጭ ሰንጠቅ አድርጉት። ውስጡም ከጠቆረ ፈንገስ ነው። ግንዱ ከሥር ተግጦ ካገኛችሁት ግን ቀንድ አውጣን ጠርጥሩ።

ፈንገስ ከሆነ ጤነኛው ግንድ እስኪታይ፣ ካስፈለገም እስከ አፈሩ ድረስ ቁረጡ። ቁራጩን አቃጥሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ እንዳትጨምሩት። መቀሱንም በአልኮል ጥረጉ። ሥሩ ብዙ ጊዜ ስለማይሞት ከታች ያቆጠቁጣል። አዲስ የምትተክሉ ደግሞ የችግኙን አፈር አናት ከመሬቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ አድርጉት።

በብዛት የሚጠቃው ትልልቅ አበባ ያለው ዝርያ ነው። የሱ ዘመድ የሆነው አዞ ሐረጋችን በየአጥሩ ሲንዠረገግ እኛ ፈረንጁን እናስታምማለን!

ፎቶ ስትልኩ የተሰነጠቀውን ግንድ አቅርባችሁ አንሱ። ከጠወለገ ቅጠል ብቻ መለየት ያስቸግራል።